ከስሜ ይውረድልኝ

ሰኞ፣ የካቲት 3

ከኬሚስትሪ ትምህርት ክፍል አንድ ፕሪንተር መጣ። ለጥገና ተልኮ ነበር። ጥገና ክፍሉ መሞቱን አረጋግጦ መለሰው። እኔም እንደ ንብረት ኃላፊነቴ መጋዘን ይግባ ብዬ ፈረምኩ። መጋዘን ግን አይገባም፤ አሮጌው መጋዘን ከሞላ ቆይቷል። ኮሪደር ላይ ተቀመጠ፣ ከባልደረቦቹ ጋር።

ራሔል አርፍዳ ገባች። ልጅ አዝላ! የቢሮዬ ጸሐፊ ናት፤ አርፍዳ አታውቅም። ሞግዚቷ ልብሷን ጠቅልላ ሄዳለች። የት? አይታወቅም። ባሏ አምሳሉ መንገድ ሥራ ላይ ነው፣ ብቅ የሚለው አልፎ አልፎ ነው። እናቷ ሶዶ ናቸው፣ ታመዋል።

"እትዬ፣ ለዛሬ ብቻ።"

ለዛሬ ብቻ አልኳት እኔም። ልጇን ታቢታን የሞኒተር ካርቶን ውስጥ አንሶላ አንጥፈን አስተኛናት። ካርቶኑ ላይ የብርጭቆ ሥዕል አለ፤ በጥንቃቄ ያዙ ለማለት። ጥሩ ነው።

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

ለዛሬ ብቻ... ዛሬም።

ዓርብ፣ የካቲት 7

አቶ ጌታቸው፣ ዳይሬክተራችን፣ ሳያንኳኳ ገባ። ካርቶኑን አየው። ከካርቶኑ ውስጥም ታየ።

"ምንድን ናት ይቺ?"

"የራሔል ልጅ ናት።"

"ይሄ መሥሪያ ቤት ነው፣ ወይዘሮ ፍቅርተ።"

"እሷም ገብቷታል፤ ድምፅ አላሰማችም።"

አልሳቀም። እሱ መቼ ሥቆ ያውቃል። ግን አልጮኸም። የሕፃናት ማቆያ እኮ ተፈቅዷል አለ። አልጋው ተገዝቷል፣ ሞግዚቷም ብርቱካን የምትባል ልጅ ተመርጣለች። የጠፋው ክፍል ነው። ታስቦ የነበረው አሮጌው መጋዘን ነው፤ እሱ ከተለቀቀ በነጋታው ይከፈታል። ካልተለቀቀስ? እስከ መጋቢት መጨረሻ እንዳላየ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ራሔል ልጅ ይዛ ብትመጣ ማስጠንቀቂያ፣ ከማስጠንቀቂያው በኋላ ስንብት።

እሱ ሲወጣ ራሔል ጠረጴዛው ላይ ተደፋች። "በማታ ተምሬ ያገኘሁት ሥራ ነው እትዬ። ታናናሾቼን የማስተምረው እኮ በዚህ ነው።" "ፊትሽን ታጠቢ" አልኳት።

እውነቱን ልጻፍ፣ ማን ያየዋል። ይቺ ልጅ ከሄደች የማጉረመርምበት ሰው አይኖረኝም። ቤት እንደሆነ ሦስቱም ልጆቼ አግብተው ወጥተዋል፤ ታቦር ሰፈር ባለው ቤቴ እኔና ቴሌቪዥኑ ብቻ ነን። እና እወዳታለሁ። በቃ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 11

መጋዘኑን ከፈትኩት። ማለቴ፣ በሩን ገፋሁት፤ በሩም መልሶ ገፋኝ። የኮምፒውተር ጥገናው ልጅ አልአዛር በትከሻው ታግሎ አስገባን።

ወንበር እስከ ጣሪያ። ጀርባቸው ያበጠ የድሮ ሞኒተሮች። ኬብል በኬብል ላይ። አንዱ ፎቶ ኮፒ ማሽን ውስጥ አይጥ ወልዳለች። በግቢው ውስጥ ማቆያ ቀድማ የከፈተችው እሷ ናት።

አልአዛር አዲስ አበባ ደወለ። የተበላሸ ኤሌክትሮኒክስ ሰብስቦ የሚፈታታ ድርጅት አለ። ይመጣሉ፣ ይወስዳሉ። ግን መኪናው ካልሞላ ሐዋሳ ድረስ አንወርድም ብለዋል። መጋዘኑ ውስጥ ያለው ኤሌክትሮኒክስ ግማሽ መኪና ቢሆን ነው፤ የቀረው ወንበርና ጠረጴዛ ነው። እሱን የሙያ ማሠልጠኛው የእንጨት ሥራ ክፍል እወስዳለሁ ብሏል፤ ጠግኖ ለትምህርት ቤት ይሰጠዋል።

ስለዚህ የጎደለውን ከየቢሮው መሰብሰብ ነው። ምን ችግር አለው? የሞተ ኮምፒውተር የሌለበት ቢሮ በዚህ ግቢ የለም።

ሰኞ፣ የካቲት 17

ጾም ገባ። በባዶ ሆዴ ደረጃ ስወጣ ዋልኩ።

መጀመሪያ ዶክተር ዳዊት ጋ፣ ባዮሎጂ። ጥግ ላይ አንድ ኮምፒውተር አለ፣ ባርኔጣ ደፍቶበታል።

"ዶክተር፣ ይሄ ይሠራል?"

"አይሠራም።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"እኔ ስቀጠርም አይሠራም ነበር።"

"እንግዲያ ልውሰደው።"

"አይሆንም!" ከወንበሩ ተነሣ። "በስሜ ነው የወጣው!"

አልፈርድበትም። ሕጉን ለሁሉም ስናገር የኖርኩት እኔው ነኝ። እዚህ ቤት ወንበር የሚሰጥህ በስምህ ነው፣ ሞኒተርም፣ የቆሻሻ ቅርጫትም። የምትለቅ ቀን ሁሉንም አስረክበህ ክሊራንስ ካልወሰድክ ጡረታህ አይንቀሳቀስም። ዕቃው ቢሞትም መሞቱን የሚያሳይ ሬሳ ያስፈልጋል። ጣልኩት አይባል፣ ሰጠሁት አይባል።

ሌላ ቢሮ የተሰበረ ቬንትሌተር ካቢኔት ውስጥ ቆልፈውበታል። በቁልፍ! ሌላዋ ሴትዮ ዩፒኤሱን እግሯ ሥር አድርጋ "ከእኔ ጋር ጡረታ ይወጣል" አለችኝ። ሁሉም የየራሱን ሬሳ ይጠብቃል።

ሐሙስ፣ የካቲት 20

የሳምንቱ ገቢ፦ አንድ ማውዝ። ጅራቱ የለም።

ታቢታ በካርቶኑ ጠርዝ ተይዛ መቆም ጀምራለች። ካርቶኑ ይገለበጣል፣ አብራ ትገለበጣለች፣ ትሥቃለች። የሚያሥቅ ነገር አላየሁበትም። ራሔል ግን ከእሷ ጋር ትሥቃለች፤ ከዚያ የቀን መቁጠሪያውን ታያለች።

እሑድ፣ የካቲት 23

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ባጃጅ ውስጥ ብልጭ አለልኝ። ሰው ዕቃውን አይደለም የሚወደው፤ የሚፈራው ስሙን ነው። ስሙን ብመልስለትስ? ዕቃውን ሲያስረክብ እዚያው "ከስሜ ወርዷል" የሚል ወረቀት፣ ፊርማ፣ ማኅተም... ማን ይፈርማል? እኔ። የንብረት ኃላፊዋ እኔ ነኝ። ደፍሮ ያሰበው ሰው አልነበረም፤ እኔንም ጨምሮ።

ሰኞ፣ የካቲት 24

አቶ ጌታቸው ሰማኝ። "ኃላፊነቱን እርስዎ ከወሰዱ" አለ። እሱ ደግሞ ኃላፊነት ሲሸሽ እንደ ሚዳቋ ነው። እወስዳለሁ አልኩት።

ማስታወቂያውን ራሴ ጻፍኩ፣ ራሔል ተየበችው፣ በየሕንፃው ተለጠፈ። "የማያገለግል ንብረት ወደ አሮጌው መጋዘን ለሚያመጣ ሠራተኛ ንብረቱ ወዲያውኑ ከስሙ ይወርድለታል።" አጭር፣ ግልጽ። ኮራሁበት።

ረቡዕ፣ የካቲት 26

ዶክተር ዳዊት አንደኛ! ኮምፒውተሩን አቅፎ፣ ላቡ በጋዋኑ ላይ እየወረደ፣ ባርኔጣው ራሱ ላይ።

"ከስሜ ይውረድልኝ፣ ወይዘሮ ፍቅርተ።"

ፈረምኩ። ማኅተም መታሁ። ወረቀቱን ደጋግሞ አነበበው፣ አጣጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው። "ቀለል አለኝ" አለ። እንደ ሰውየው አነጋገርማ ከእስር ነው የወጣው።

ከሰዓት ሰልፍ ሆነ። ጠበል ቦታ የቆምኩ መሰለኝ። ያቺ ዩፒኤሱን እግሯ ሥር ያደረገችው ሴትዮም መጣች። ሁሉም አንድ ቃል፦ ከስሜ ይውረድልኝ። ራሔል ታቢታን አዝላ ወረቀት ትሞላለች። አልአዛር ከየኮምፒውተሩ ሃርድ ዲስኩን እየፈታ ያወጣል፤ የፈተና ጥያቄ እንዳይወጣ ነው። ከዶክተሩ ኮምፒውተር ውስጥ ሃርድ ዲስክ አልተገኘም። ሲጀመርም አልነበረውም። ለዶክተሩ አልነገርነውም፤ ምን ያደርግለታል?

ሐሙስ፣ መጋቢት 11

መኪናው መጣ! ትልቅ ነው፣ ተሳቢ የለውም እንጂ። ጫኞቹ ከጠዋት እስከ ከሰዓት ሲያወጡ ዋሉ። ሞኒተር፣ ሲፒዩ፣ ፕሪንተር፣ የኮሪደሩም ሬሳ ሁሉ። አይጧ ከነልጆቿ በራሷ ጊዜ ለቀቀች። አባ ኮዳዎቹ፣ እነዚያ የሐይቁ ትልልቅ ወፎች፣ አጥሩ ላይ ተሰልፈው ሲመለከቱ ዋሉ፤ የሚበላ መስሏቸው ነው።

እንጨት ሥራዎቹም ወንበሩን ጭነው ሄዱ። የመጨረሻው ጠረጴዛ ሲወጣ ሁላችንም ገብተን አየን። ግድግዳው ሰማያዊ ነበር ለካ።

ዓርብ፣ መጋቢት 12

መጋዘኑን አጠብነው። ራሔል ቀሚሷን ሰብስባ፣ መዝሙር እየዘመረች፣ ወለሉን በመጥረጊያ ስታሸው ዋለች። ታቢታ እርጥቡ ላይ ዳኸች፤ እንደ ዳክዬ ራሰች። ራሔል መጥረጊያውን ጥላ መጥታ አቀፈችኝ፣ ውኃው ልብሴ ላይ ቀረ።

"ሥራዬ ተረፈልኝ እትዬ።"

"ገና ቀለም ይቀራል" አልኳት። ሰኞ ቀቢ ይመጣል። ደስ ብሎኛል። በጣም ደስ ብሎኛል።

ሰኞ፣ መጋቢት 15

ሞልቷል።

እንዴት ብዬ ልጻፈው... ጠዋት ከቀቢው ጋር ሄድኩ። በሩን ገፋሁ። አልከፈት አለኝ። ቁልፉ ነው ብዬ... በመስኮት አየሁ። ወንበር። ወንበር በወንበር ላይ። ጠረጴዛ፣ መደርደሪያ፣ እግር የሌለው ሶፋ፣ የስብሰባ አዳራሽ አትሮኖስ፣ ጥቁር ሰሌዳ። ከጤና ትምህርት ክፍል አንድ የፕላስቲክ አጽም መጥቷል፤ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጧል። እሱም መለያ ቁጥር ተለጥፎበታል፣ ግንባሩ ላይ።

ጥበቃውን ጠራሁት። ቅዳሜና እሑድ ሲያመጡ ነበር አለ። ከዚህ ብቻም አይደለም፣ ከሌላው ካምፓስም በመኪና።

"እንዴት ዝም ትላለህ አንተ ሰውዬ?"

"ማስታወቂያው የእርስዎ ነው ብለው እኮ ነው እማማ። ባዶ ነው፣ ግቡ አልኳቸው።"

ማስታወቂያው። ኤሌክትሮኒክስ አላልኩም፤ ንብረት ነው ያልኩት። የማብቂያ ቀንም አልጻፍኩበትም። ዕድሜዬን ሙሉ በሌላው ሰው ደብዳቤ ላይ ቀን የለውም እያልኩ ስመልስ ኖሬ... እኔ ፍቅርተ! ሰዉ ምን አጠፋ? አምጡ አልኩ፣ አመጡ። በር ላይ ወረቀት ይዘው ይጠብቁኝ ነበር። ከስሜ ይውረድልኝ፣ ከስሜ ይውረድልኝ። ፈረምኩላቸው። ምን ላድርግ፣ ቃሌ ነው።

ራሔል መጣች፣ በመስኮት አየች፣ ተመልሳ ሄደች። አላለቀሰችም። ይሄ ነው ያስደነገጠኝ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 16

ማስታወቂያዎቹን ቀደድኩ።

እንጨት ሥራ ክፍል፦ "ግቢያችን ሞልቷል፣ ከክረምት በኋላ እንነጋገር።" የአዲስ አበባዎቹ፦ "እኛ ወንበር አንወስድም።" ጨረታ ይውጣ ቢባል ኮሚቴው እስኪሰበሰብ ሰኔ ነው። ከአልአዛር ጋር ሌላ ባዶ ክፍል ፍለጋ ግቢውን ዞርን። የለም። ባዶ ክፍል እዚህ ቤት አንድ ቅዳሜና እሑድ አያድርም፤ ይኸው አየሁት።

አቶ ጌታቸው ኮሪደር ላይ አገኘኝ። "መጋቢት እያለቀ ነው" አለ። አውቃለሁ። የቀን መቁጠሪያ አለኝ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 18

ራሔል ደብዳቤ አመጣች። የሥራ መልቀቂያ። የቅርብ ኃላፊዋ ስለሆንኩ መጀመሪያ እኔ መፈረም አለብኝ።

"ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶኝ ከምባረር በራሴ ብወጣ ይሻለኛል።"

አነበብኩት። ጥሩ አማርኛ ነው፤ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ሁለት ቦታ ነጠላ ሰረዝ ጎድሏል አልኩና መለስኩላት። እንደገና ትጻፈው።

ዓርብ፣ መጋቢት 19

እንደገና ጽፋ መጣች። ኅዳጉ ጠባብ ነው አልኳት።

ከሰዓት ሦስተኛውን አመጣች። "ይሄስ ምን ጎደለው?" አለች። ማኅተሙ ጥገና ገብቷል፣ ሰኞ ነይ አልኳት። ማኅተም እንዴት እንደሚጠገን እኔም አላውቅም።

እሑድ፣ መጋቢት 21

ቅዳሴ ላይ ቆሜ ሐሳቤ ሁሉ ክፍል ነው። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ክፍል... ሰፊ፣ ምድር ቤት፣ ፀሐይ የሚገባው፣ ውኃ ያለው፣ ደረጃ የሌለው። በግቢው ውስጥ እንዲህ ያለ ክፍል አንድ ነው። ድሮ ላቦራቶሪ ስለነበር መታጠቢያም አለው። በመስኮቱ የዋርካው ጥላ ይገባል። እሱን ለማግኘት ከሦስት ዳይሬክተሮች ጋር ተጣልቻለሁ፤ ከአንዱ ጋር እስከ ዛሬ ሰላም አንባባልም። ጡረታ እስክወጣ ከዚያ የሚያነቃንቀኝ የለም ብዬ ነበር።

አይ ፍቅርተ። አብደሻል እንዴ? በዚህ ዕድሜሽ...

ምሳ አልበላ አለኝ። ሽሮው ቀዘቀዘ።

ሰኞ፣ መጋቢት 22

ከሥራ ሰዓት በፊት ገባሁ። አልአዛርን ጠርቼዋለሁ፤ ጓደኞቹንም አምጥቷል። አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቅኳቸው፦ ክፍሉ ለደቂቃ ባዶ እንዳይሆን። አንድ ካቢኔት በጓሮ በር ሲወጣ አንድ የሕፃን አልጋ በፊት በር ይገባል። ጠረጴዛዬ ሲወጣ ምንጣፍ ገባ። ፋይሎቼ ሲወጡ ብርቱካን ገባች፣ ሽርጧን ታጥቃ። ወንበሬ ስትወጣ ፊቴን አዞርኩ።

ራሔል ደብዳቤዋን ይዛ መጣች፣ በሩ ላይ ደርቃ ቀረች።

"እትዬ... ቢሮዎት..."

"ልጅቷን አስቀምጪያት። አልጋው ያ ነው።"

አቶ ጌታቸው ወሬ ሰምቶ እየከነፈ ደረሰ። "ማን ፈቀደ?"

"እርስዎ። ማቆያው ተፈቅዷል፣ ክፍል ነው የጠፋው አላሉኝም? ይኸው ተገኘ።"

"ይሄ የንብረት ክፍል ቢሮ ነው!"

"ነበር።"

"እና እርስዎ የት ሊቀመጡ ነው?"

"መጋዘን። መቀመጫ ሞልቷል።"

ዞር ብሎ አልጋውን አየ። ታቢታ ቆማ ክራቫቱን ለመያዝ እጇን ዘርግታለች። ልጅ ያለበትን አልጋ አንሡ ብሎ የሚያዝ አፍ ያስፈልጋል፤ እሱ ደግሞ፣ ነውሩን አልደብቅለትም፣ ክፉ ሰው አይደለም። ቆመ፣ ቆመ... "ግድግዳው ይቀባ" ብሎ ሄደ።

የራሔልን ደብዳቤ ተቀበልኳት።

"አሁንስ ስህተት አለው?" አለችኝ፣ እንባዋ በጉንጯ ላይ።

"ሙሉ በሙሉ ስህተት ነው። እንደገናም አትጻፊው።"

ሰኞ፣ ሚያዝያ 6

ሰሙነ ሕማማት። ወገቤ ተቆርጧል።

አዲሱ ቢሮዬ፦ አልአዛር የወንበሩን ክምር ገፍቶ ባስለቀቀው ቦታ አንድ ጠረጴዛ ለእኔ፣ አንድ ለራሔል። አንድ አምፖል። ትንኝ። ፊት ለፊቴ አጽሙ ተቀምጧል፤ ራሔል ነጠላ ልታለብሰው ስትል ከለከልኩ፣ ንብረት ነው። ባለጉዳይ በሩ ላይ ቆሞ የት ጠፉ ይላል፣ እኔ ከአትሮኖሱ ጀርባ እዚህ ነኝ እላለሁ። ዶክተር ዳዊት መጥቶ ዙሪያውን አየ። "እርስዎ በማን ስም ነው የገቡት?" አለኝ። ቀልዱ ነው። ሣቅሁለት።

ማቆያው ውስጥ ስድስት ልጆች ደርሰዋል። ከአስተዳደርም ከመምህራንም። ራሔል በሻይ ሰዓት አጥብታ ትመለሳለች። ፊቷ ተመልሷል፣ ሥራዋም እንደ ድሮው ቀጥ ያለ ነው።

ይቆጨኛል? ከሰዓት ቆርቆሮው ሲግል፣ አዎ። ዋርካው ይናፍቀኛል። የካርቶኗም ልጅ ትናፍቀኛለች፤ አልጋ አግኝታ ረሳችኝ። የማቆያውን ንብረት ላረጋግጥ ብዬ በየቀኑ እሄዳለሁ። አልጋ አይጠፋም፤ አውቃለሁ።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 22

ብርቱካን በመስኮት ጮኸች። "ራሔል! እትዬ! ኑ፣ ቶሎ!"

ልጅ የወደቀ መሰለኝ። ሮጥን። እኔ ሮጥኩ! ከመቼ ወዲህ እንደሮጥኩ አላስታውስም። ነጠላዬ በሩ ላይ ቀረ።

ታቢታ ምንጣፉ ላይ ቆማለች። ምንም አልያዘችም። ራሔል በሩ ላይ በርከክ አለች፣ እጇን ዘረጋች። ልጅቷ አየቻት። አንድ እግሯን አነሣች... አሰበችበት... አሳረፈችው። ከዚያ ሌላውን። እየተወላገደች መጥታ እናቷ ደረት ላይ ተደፋች። ራሔል የጮኸችው ጩኸት ሬጅስትራር ድረስ ተሰምቷል አሉ። ብርቱካን እልልታዋን አቀለጠችው። የቀሩት ልጆች ደንግጠው ሁሉም አለቀሱ።

እኔ ነጠላዬን አንሥቼ መጋዘን ተመለስኩ። በሩን ዘጋሁ።

ሦስት ልጅ አሳድጌያለሁ። ሦስቱም ሄደዋል፣ ተራምደዋል፣ አሁን እኔንም ጥለው ሩቅ ሄደዋል። አንዳቸውም ሲጀምሩ አላየሁም። በየተራቸው ማታ ከሥራ ስገባ ጎረቤቴ ወይዘሮ ብርቅዬ ነበሩ የሚነግሩኝ። "ልጅሽ ዛሬ ሄደልሽ እኮ!" ይሉኛል። ጎሽ እላለሁ። ልጁን ሂድ እስቲ እለዋለሁ፤ ደክሞት እምቢ ይለኛል። ከዚያ ራት እሠራለሁ። አልቅሼበት አላውቅም ነበር፤ ሰው ሁሉ እንዲሁ ነው ብዬ።

ዛሬ አለቀስኩ። እስኪበቃኝ።

ራሔል ግን አየች። በገዛ ዓይኗ፣ በሥራ ሰዓት።